ለውሻው ሐውልት፣ ለሰዎቹ አንዲት ቤት

ሳይመንስ ታውን ከኬፕ ታውን በስተ ደቡብ፣ በባሕር ወሽመጥ ዳር የተቈረቈረች የወደብ ከተማ ናት። የብሪታንያ ባሕር ኃይል እስከ 1957 ድረስ ሰፍሮባት ነበር (ዘመኑ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ነው)፤ ዛሬ የደቡብ አፍሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ናት። በአደባባይዋ አንድ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ሐውልቱ የአድሚራል ሳይሆን የውሻ ነው። ጀስት ኒውሰንስ የተባለው ይህ ውሻ በ1939 በባሕረኛነት ተመዝግቦ፣ በ1944 ሲሞት በወታደራዊ ክብር ተቀበረ። ሐውልቱ በ1985 ቆመለት።

ውሻን መውደድ ነውር አይደለም። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ከዚህችው ከተማ የተባረሩት 7,000 ያህል ሰዎች የት ነበሩ?

የአፓርታይድ መንግሥት በ1950 ሰዎችን በዘር ለይቶ የሚያሰፍር የመኖሪያ ክልሎች ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ሳይመንስ ታውን በ1967 «የነጮች ክልል» ተብላ ታወጀች። ቅድመ አያቶቻቸው በሆላንዶች የባርነት ዘመን ከሩቅ ምሥራቅ የተጋዙባቸው ሙስሊም ቤተሰቦች ሳይቀሩ፣ ተወልደው ያደጉበትን ደጃፍ ለቅቀው ውጡ ተባሉ። ብዙዎቹ ከተራራው ማዶ ወደ ተሠራ አዲስ ሰፈር ተወሰዱ። የሰፈሩ ስም ኦሽን ቪው፣ ማለትም «የውቅያኖስ እይታ» ነው። ባሕራቸውን ለተነጠቁ ሰዎች ከዚህ የከፋ ስላቅ ከወዴት ይገኛል?

በ1858 በተሠራች ቤት ይኖር የነበረው የአምላይ ቤተሰብ ከመጨረሻዎቹ ተፈናቃዮች አንዱ ነበር፤ በ1975 ወጣ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1998 ደግሞ ያችው ቤት የተባረረው ማኅበረሰብ የታሪክ ሙዚየም ሆነች።

በዚያች ቤት መድፍና ሜዳልያ ለማየት የሚሄድ ሰው ያዝናል። ያሉት የሙሽራ ክፍል፣ የሐጅ መታሰቢያና የቤተሰብ ፎቶግራፎች ናቸው። እኔ ግን ከመድፍ ይልቅ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው እላለሁ። አዋጁ «እናንተ የዚህ ስፍራ ሰዎች አይደላችሁም» ያለውን ቃል የሚያፈርሰው ማስረጃ ሌላ ሳይሆን እዚያ መዳር፣ እዚያ መጸለይ፣ እዚያ ልጅ ማሳደግ ነው።

ያ ሕግ በ1991 ተሽሯል። ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል፤ የተበተነ ጎረቤት ግን በአዋጅ አይሰበሰብም። አንድ ቤተሰብ ተመለሰ፤ የብዙዎቹ ልጆች ዛሬም ከተራራው ማዶ ናቸው። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ መንገድ ወደዚያ ቢያደርስዎት ከውሻው ሐውልት ፊት ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ክፋት የለውም። ከዚያ በኋላ ግን የአምላይን ቤት ሳያዩ አይመለሱ።