ጄኔሬተርና ባትሪ በሐዋሳ ቤቶች

የሐዋሳ ከተማ የተቆረቆረችውና የቆቃ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተመረቀው በአንድ ዓመት፣ ማለትም በ1952 ዓ.ም. ነው። ነገሩ አጋጣሚ ቢሆንም ለሙያው ሰው ትርጉም የለሽ አይደለም። በራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ገዥነት ዘመን በሐይቁ ዳር የተመሠረተችው ከተማ በኋላ ከይርጋለም የጠቅላይ ግዛቱን ርእሰ ከተማነት ስትረከብ፣ 43.2 ሜጋዋት አቅም ያለው ቆቃ ደግሞ በአገሪቱ የኤሌክትሪክ ታሪክ ከሞተር ወደ ውኃ የተደረገውን ሽግግር አፋጠነ። ይሁንና ሽግግሩ ሁሉንም ከተማ በአንድ ጊዜ አልደረሰም። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ከዋናው መስመር ርቀው የሚገኙትን ከተሞች ለረጅም ዘመን ሲያበራ የኖረው እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው በሚሠሩ የናፍጣ ጣቢያዎች ነበር። ኤሌክትሪክ ራሱ ወደ አገራችን የገባው በ1890 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በተተከለ ጄኔሬተር መሆኑ ሲታወስ፣ ጄኔሬተር ለኢትዮጵያ እንግዳ ሳይሆን የቤቱ የበኩር ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በናፍጣ ጣቢያው ዘመን ሞተረኛው የከተማው ሁሉ ዘብ ነበር። ሲመሽ መብራት በየቤቱ ሲበራ ሸክሙ ይጨምራል፤ ሞተሩ ያቃስታል፤ ዙሩም ይቀንሳል። ባለ አራት ዋልታ ጄኔሬተር በሴኮንድ 50 ሳይክል የሚሰጠው በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር ብቻ በመሆኑ፣ ሞተረኛው ዓይኑን ከመለኪያው ጆሮውን ከሞተሩ ሳይለይ የናፍጣውን መጠን ያስተካክል ነበር። ጥቂት ቢዘገይም የሚደርሰው ጉዳት ብዙ አልነበረም። አምፑሉ ደብዘዝ ይላል፤ ባለ ቫልቭ ሬዲዮው እንደምንም ይናገራል። ጉድለቱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋልጠው ሞተሩ ከሳይክሉ ጋር የተሳሰረው የሸክላ ማጫወቻ ነበር፤ 50ው ሳይክል ወደ 48 ሲወርድ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍራል፣ ምቱም ይጎተታል። ጥሩ ጆሮ ላለው አድማጭ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አያስፈልገውም ነበር።

ከተሞቹ ከዋናው መስመር ጋር እየተያያዙ ሲሄዱ ይህ ጥንቃቄ ተረሳ። በብዙ ታላላቅ ተርባይኖች ኅብረት በሚሠራ መረብ ላይ የአንድ ቤት ምድጃ ሳይክሉን ሊያናውጥ አይችልም። የቤት ዕቃውም በዚያው መጠን ተለወጠ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተጀመረ በኋላ ቀስ በቀስ ቴሌቪዥኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ በኋላም ኮምፒዩተሩ ወደ ቤት ገቡ። ስለዚህ በ2001 ዓ.ም. በግድቦች ውኃ ማነስ ምክንያት ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሲታደል፣ በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ ፈረቃው ሲመለስ፣ ትንንሽ ጄኔሬተሮች ወደየደጃፉ ወጡ፤ ሞተረኛው ግን አብሮ አልተመለሰም።

ከዚህ በኋላ የተሰማው ተደጋጋሚ ቅሬታ «ባትሪው ረከሰ» የሚል ነው። ሐቁ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ኮምፒዩተርን ከመቋረጥ የሚጠብቀው ዩፒኤስ የሚቀርብለትን ቮልትና ሳይክል ሳያቋርጥ ይመረምራል። ትንሹ የቤንዚን ጄኔሬተር ያለ ሸክም 52 ሳይክል ገደማ ይሰጥና ሸክም ሲያርፍበት ይወርዳል፤ የማቀዝቀዣው ኮምፕረሰር በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ ቮልቱም ሳይክሉም አብረው ይወድቃሉ። ያን ጊዜ ዩፒኤሱ ኃይሉን ንቆ ወደ ባትሪው ይዞራል። ሸክም የቀለለው ጄኔሬተር ይፈጥናል፤ ዩፒኤሱም «ተስተካከለ» ብሎ ይመለሳል፤ ሸክሙ እንደገና ሲያርፍ ጄኔሬተሩ ይወርዳል። ባለቤቱ ጄኔሬተሩ ሲያጓራ እየሰማ ባትሪው ግን በስውር ያልቃል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ባዶውን በቆየ ቁጥር ሳህኖቹ በሰልፌት ስለሚጠነክሩ፣ ለዓመታት ሊያገለግል የሚገባው በጥቂት ወራት ይሞታል። በደሉ የባትሪው ሳይሆን የዙሩ ነው።

በሐዋሳ ሌላ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ በሳህኑ ላይ 5 ኪሎዋት የተጻፈበት ጄኔሬተር በሐይቁ ዳር የሚሰጠው ከ4 ኪሎዋት ብዙም አይዘልም። ባዶ ባትሪ ሲሞላ የሚስበው ኃይል በዚያ ላይ ይደመራል። ስለሆነም ጄኔሬተሩን ከዩፒኤሱ አቅም እጥፍ አድርጎ መምረጥ፣ ሞተሩ ሞቆ ዙሩ እስኪረጋ ደቂቃዎች መጠበቅ፣ ማቀዝቀዣውን አስቀድሞ አስነሥቶ ኮምፒዩተሩን በመጨረሻ ማገናኘት ቅንጦት አይደለም። የቮልት ማረጋጊያ ስታቢላይዘር ይህን ሁሉ ይተካል ብሎ ማመን ግን ከንቱ ነው፤ እርሱ ቮልቱን እንጂ ሳይክሉን አያርምምና።

ከባትሪው ኪሳራ እጅግ የሚከፋ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ጄኔሬተሩን በሁለት ወገን ሹካ ባለው ገመድ በግድግዳው ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ ማስገባት ነው። ዋናው ማብሪያ ካልተነጠለ የጄኔሬተሩ 220 ቮልት በቆጣሪው አልፎ ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይደርሳል፤ ትራንስፎርመሩም ወደ ኋላ ሲሠራ በላይኛው መስመር ላይ 15,000 ቮልት ያወጣል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው የመስመር ሠራተኛ የሚነካው ይህንኑ ሽቦ ነው። ባለቤቱ በበኩሉ በሳሎኑ ተቀምጦ ዜና ያያል። መስመሩንና ጄኔሬተሩን በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚያደርገው ባለ ሁለት አቅጣጫ ማዞሪያ ዋጋው ከአንድ ባትሪ ብዙም የሚርቅ አይደለም፤ በየናፍጣ ጣቢያው ግድግዳ ላይ የነበረውም የዚሁ ታላቅ ወንድም ነበር።