መጥረቢያ በየቤቱ፣ ዶማ ግን የት አለ?

ባለፈው ክረምት ለትምህርት ቤታችን ችግኝ መጣልን። ችግኙ ከመኪና ሲወርድ ግን አንድም መቆፈሪያ አብሮ አልመጣም። «እንግዲያውስ ከየቤታችሁ አምጡ» ብለን ተማሪዎቹን አዘዝን። በማግስቱ የመጣው ሁሉ መጥረቢያ ሆነ፤ አንድ ሁለት ገጀራም ነበረበት። ዶማ ያመጣ አልተገኘም። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ እኛ እኮ የመቁረጫ እንጂ የመትከያ ዕቃ የለንም» አለችን። መልስ አጥተን ዝም አልን።

የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ይህ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ብዙዎቻችን ወደ ካምፕ ከመምጣታችን በፊት የኖርንባትን ካርቱምን ነው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ይገንዘቡልን።

በጥቁር ዓባይና በነጭ ዓባይ ዳር የሚበቅል ሱኑት የሚባል ግራር አለ። ጎርፍ ለሳምንታት ተኝቶበት እንኳን አይሞትም። እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አጭርና ጠማማ ነው። ስለዚህ የኦምዱርማን ጀልባ ሠሪዎች ረጅም ሳንቃ አይጠብቁም ነበር። በመጥረቢያና ቀዱም በሚሉት፣ ስለቱ እንደ ዶማ በተጋደመ መሳሪያ አጫጭር ጣውላ ይጠርቡና እንደ ጡብ እየደራረቡ በምስማር ያያይዙታል። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ከ2,400 ዓመት በፊት ስለ ግብፅ ጀልባዎች ሲጽፍ ይህንኑ ጡብ የመሰለ አሠራር ጠቅሷል። መሳሪያው የእጅ፣ ሥራውም ዝግ ያለ ስለነበር ደኑ ቀስ እያለ ራሱን ይተካ ነበር ብለን እንገምታለን።

ነገሩ የተለወጠው እንግሊዞች በ1898 ከኦምዱርማን ጦርነት በኋላ አገሩን ሲይዙ ነው። የወንዝ መርከቦቻቸው በእንፋሎት የሚሄዱ ሲሆኑ ውሃው የሚፈላው በማገዶ ነበር። በነጭ ዓባይ ዳር መርከቦች ማገዶ የሚጭኑባቸው ጣቢያዎች ተሠሩ። የባቡር ሐዲዱም ከብረቱ ሥር የሚጋደም እንጨት ፈለገ፤ ለዚህ ደግሞ ሱኑት ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። በመጥረቢያው ላይ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚጎትተው ረጅም መጋዝ ተጨመረ፤ ቆይቶም የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ መጣ። መንግሥት የደን መስሪያ ቤት ያቋቋመው በዚሁ ዘመን ነው። ለዛፍ አዝኖ ነው ብለን አናስብም። ማገዶ ካለቀ መርከቡ እንደሚቆም ስለገባው ነው።

ለመዝራት ግን ከእንግሊዝ አገር ዕቃ ማምጣት አያስፈልግም ነበር። ሱዳኖች ሰሉካ የሚሉት፣ የእግር መርገጫ ያለው ረጅም የእንጨት መቆፈሪያ አላቸው። የወንዝ ዳር ገበሬ ውሃው ሸሽቶ ደለሉ ገና እርጥብ እያለ በእግሩ እየረገጠ ይበሳል፤ ሌላው ከኋላው ዘር እየጣለ ይደፍናል። ሱኑትም ቢሆን ጎርፍ በሚያጠጣው መሬት ላይ ያለ ችግኝ፣ በቀጥታ በዘሩ ይዘራል። ያው መሬቱ ከደረቀ ግን ሰሉካ ዱላ ብቻ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ክፍል ውስጥ ልናስተምረው የሚገባን ሶንኪ ነው። ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ውስጥ የሚገባው የሱዳን ሙጫ የሚገኘው ሀሻብ ከሚባለው ግራር ነው። ሰብሳቢዎች ድሮ ቅርፊቱን የሚያነሡት በትንሽ መጥረቢያ ነበር። መጥረቢያ ደግሞ ትንሽ ጠለቅ ካለ እንጨቱን ያቆስላል፤ የቆሰለ ዛፍም ለበሽታና ለምስጥ ይጋለጣል። ሶንኪ ግን በረጅም እጀታ ላይ የተሰካ ሹል ብረት ነው። ጫፉን ከቅርፊቱ ሥር አስገብቶ ሳብ ሲያደርጉት ቅርፊቱ ብቻ እንደ ጥብጣብ ይላጣል። ይህ የሚሠራው በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ፣ ዛፉ ቅጠሉን ማርገፍ ሲጀምር ነው። ከወር ከምናምን በኋላ ሙጫው ተንጠባጥቦ ይደርቅና ይለቀማል። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ ቅርጹ ሲለወጥ ግን ዛፉም ሰውዬውም ለሚቀጥለው ዓመት ይተርፋሉ።

ወደ ካርቱም እንመለስ። በ1960ዎቹ ከከተማዋ በስተደቡብ በተጣራ የፍሳሽ ውሃ የሚጠጣ አረንጓዴ ቀበቶ ተተክሎ ነበር፤ ከተማዋ እየሰፋች ስትመጣ ቤት ተሠራበት። ሁለቱ ወንዞች ከሚገናኙበት አጠገብ የነበረው የሱኑት ደን ግን ብዙ ዘመን ቆይቶ ነበር። ዓርብ ዓርብ ጥላው ሥር ሻይ የጠጣን እናውቀዋለን። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ አብዛኛው ተጨፈጨፈ። ጋዝ በጠፋበት ከተማ ሰው ምን ያድርግ? በማገዶ ሰበብ ስንወቀስ የኖርን ስደተኞች ፈራጅ መሆን አይገባንም።

አዲስ አበባም በዚህ መንገድ አልፋለች። ማገዶ አልቆ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ካዳኗት ነገሮች አንዱ በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ መጥረቢያን ችሎ ከጉቶው ያቆጠቁጣልና። ሱኑት ሲቆረጥ ግን በአብዛኛው እንደገና ከዘር መጀመር ነው።

የእኛ ችግኞችስ? አፈሩ ጥቁር ሸክላ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በገጀራ ስንቆፍረው የጉድጓዱ ግድግዳ እንደ ሸክላ ድስት ለስልሶ ሥር የማያስገባ ሆነ። አንዳንዶቻችን ችግኙን ከነላስቲኩ ቀበርነው። ብዙው ደረቀ። ዘንድሮ ጉድጓዱን ከዝናቡ በፊት ሰፋ አድርገን ጀምረናል፤ ግድግዳውን በዶማ ጫፍ እንሸረካክተዋለን፤ ላስቲኩንና ታች የተጠማዘዘውን ሥር የምንቆርጠው በምላጭ ነው። ምላጭ ከሱቅ ይገኛል። ዶማው ግን ሦስት ብቻ ስለሆነ በተራ እንቆፍራለን፤ የሰባተኛ ክፍል ተራ ማክሰኞ ነው።