የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ኃይል በምን ሲመዘን እንደ ኖረ

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ በአሜሪካ ኮሌጆች መካከል የቅርጫት ኳስ ቡድኖችና የውድድር ማኅበሮቻቸው ኃይል በምን ሲመዘን እንደ ኖረ መመርመር ነው። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ ያሉት ኮሌጆች እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ ሁሉም ከሁሉም ጋር ሊጋጠሙ አይችሉም። ስለዚህ ተቀራራቢ የሆኑት «ኮንፈረንስ» የተባለ የውድድር ማኅበር እያቋቋሙ ይጫወታሉ። ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ነው። በማኅበሩ ውስጥ አንዱ ባሸነፈ ቍጥር ሌላው ይሸነፋልና፥ የአባላቱ ድልና ሽንፈት ሲደመር ምን ጊዜም እኩል ይሆናል። በዚህ ረገድ ደካማው ማኅበር ከብርቱው አይለይም። እንግዲህ የአንድ ማኅበር ኃይል የሚታወቀው አባሎቹ ከውጭ ቡድኖች ጋር ሲጋጠሙ ብቻ ነው።

ለዚህ የተገኘው የመጀመሪያው መንገድ በ1939 በ8 ቡድኖች የተጀመረው ብሔራዊ ውድድር ነው። ሁለተኛው ከ1949 ጀምሮ ጋዜጠኞች ድምፅ እየሰጡ የሚያወጡት የደረጃ ዝርዝር ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም መንገዶች ቡድኖቹ ለመጋጠም ነጻ መሆናቸውን እንደ መሠረት ይይዛሉ። በደቡብ ግዛቶች ግን ይህ ነጻነት አልነበረም።

በ1944 በዱራም ከተማ፥ በጆን ማክሌንደን የሚሠለጥነው የጥቁሮች ኮሌጅ ቡድን ከዱክ የሕክምና ትምህርት ቤት የነጮች ቡድን ጋር በር ተዘግቶ፥ ያለ ተመልካች ተጋጠመና 88 ለ44 አሸነፈ። ጨዋታው በምሥጢር የተደረገ ስለ ነበረ ታሪኩ በሰፊው የታወቀው በ1996 ነው። ማክሌንደን በኋላ የቴነሲ ኤ. ኤንድ አይ. ኮሌጅን እያሠለጠነ የትናንሽ ኮሌጆችን ብሔራዊ ሻምፒዮንነት በ1957፥ በ1958ና በ1959 በተከታታይ ወሰደ። ሆኖም ቡድኑ በታላቁ ብሔራዊ ውድድር ስላልተሳተፈ፥ ከታላላቆቹ ጋር ያለው ልዩነት በሜዳ አልተለካም።

ጕዳቱ የደረሰው በጥቁሮቹ ላይ ብቻ አልነበረም። የሚሲሲፒ ስቴት ቡድን በ1959 24 ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ በመሸነፉ በጋዜጠኞች ዝርዝር ሦስተኛ ሆነ። ነገር ግን የግዛቲቱ ያልተጻፈ ደንብ ጥቁሮች ካሉበት ቡድን ጋር መጋጠምን ይከለክል ስለ ነበረ ወደ ብሔራዊው ውድድር ሳይሄድ ቀረ። በ1961ና በ1962ም እንደዚሁ ሆነ። በ1963 የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዲን ኮልቫርድ ቡድኑ እንዲሄድ ወሰኑ፤ ተጫዋቾቹም የፍርድ ቤት እገዳ ሳይደርሳቸው ከግዛቲቱ ወጡ። አራት ጥቁሮችን በመጀመሪያ አምስቱ ውስጥ ካሰለፈው ከቺካጎው ሎዮላ ጋር ተጋጥመውም 61 ለ51 ተሸነፉ። ይኸው ሎዮላ አስቀድሞ ቴነሲ ቴክን 111 ለ42 ድል አድርጎ ነበር፤ በኋላም ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ጨዋታ ሁሉን ባያረጋግጥም፥ የሚሲሲፒ ስቴት ኃይል ከሻምፒዮኑ የራቀ አለመሆኑን ለመገመት የተቻለው በዚህ ግጥሚያ ነው። በ1966ም አምስት ጥቁሮችን በማሰለፍ የጀመረው ቴክሳስ ዌስተርን በዝርዝሩ አንደኛ የነበረውን ኬንታኪን በፍጻሜው 72 ለ65 አሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ መመዘኛው ወደ ሒሳብ አዘነበለ። በ1981 የወጣው ስሌት ለቡድኑ የራሱ ውጤት ከመቶ 25 እጅ፥ ለተጋጣሚዎቹ ውጤት 50 እጅ፥ ለተጋጣሚዎቹ ተጋጣሚዎች ደግሞ 25 እጅ ይሰጥ ነበር። በ2018 በሌላ ስሌት ተተካ። ይህ ስሌት የተጋጣሚን ኃይል መቍጠሩ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ዳሩ ግን ያልተደረገን ጨዋታ ሊቈጥር አይችልም።

በጠቅላላው ስንመለከተው፥ ከ1944 እስከ 1966 ያለው ታሪክ የሚያስረዳን የሚዛን ትክክለኛነት በሚመዘኑት ነጻነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው። ስለዚህ የደረጃ ዝርዝር በቀረበልን ጊዜ ማን አንደኛ እንደ ሆነ ከማየታችን በፊት፥ ማን ከማን ጋር እንደ ተጋጠመና ማንስ እንዳይጋጠም እንደ ተከለከለ ልንጠይቅ ይገባናል።