በሌላ ቆዳ ላይ የተሞከረ ጨረር

ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ሮም ውስጥ ይሠራ የነበረው ግሪካዊ ሐኪም ሶራኖስ፣ ስለ ሴቶች ጤና በጻፈው መጽሐፉ ለነፍሰ ጡሮች አንድ ምክር ትቷል። ሆድ እየገፋ ሲመጣ ካልበሰለ ወይራ የተጨመቀ ዘይትና የአደስ ዘይት ያለበት ቅባት ይቀቡ፤ ቆዳው ከበረታ አይሰነጠቅም፣ አይሸበሸብምም ይላል። አደስ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ለራስ ቅቤ መዓዛ የሚሰጠው ቅጠል ነው። ነፍሰ ጡር ሆዷን በቅቤ መታሸቷም በአገራችን የኖረ ልማድ ነው። ቆዳ ሲለጠጥ የሚወጣው ሸንተረር የሚያስጨንቀው የዛሬ ዘመን ሴት ብቻ ነው የሚል ካለ ሶራኖስን ያንብብ።

ምክሩ ይሠራ እንደሆነ በደንብ የተመዘነው ግን በቅርቡ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ድርጅት በ2012 ባወጣው ዳሰሳ 800 ሴቶች የተሳተፉባቸውን 6 ጥናቶች አንድ ላይ መረመረ። ከተሞከሩት ቅባቶች መካከል የወይራ ዘይትና የኮኮዋ ቅቤ ይገኙበታል። ቅባቱን በተቀቡትና ባልተቀቡት ወይም መድኃኒት የሌለው ቅባት በተቀቡት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሶራኖስ ተሸነፈ፤ ዛሬም በየሱቁ «የእርግዝና ቅባት» የሚሸጡት አብረውት ተሸነፉ። ገበያቸው ግን አልቀዘቀዘም።

ቅባት የማይሠራበት ምክንያት የጉዳቱ ቦታ ነው። ሸንተረር የሚፈጠረው በላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ወፍራም የቆዳ ክፍል ውስጥ ነው። ያ ክፍል ቆዳን በሚያጠነክሩት የኮላጅንና ቆዳ ተለጥጦ እንዲመለስ በሚያደርጉት የኢላስቲን ክሮች የተሠራ ነው። በእርግዝና፣ በጉርምስና ፈጣን እድገት፣ በድንገተኛ ውፍረት ወይም በክብደት ማንሳት ቆዳው ሲለጠጥ ክሮቹ ይበጣጠሳሉ። የሆርሞን ለውጥና የዘር ድርሻም አለበት። አንዷ አራት ወልዳ ምልክት የማይታይባት፣ ሌላዋ በመጀመሪያ ልጇ ሆዷ በሙሉ የሚሸነተረው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁስሉ ትኩስ ስለሆነ፣ ደም ስሮችም ስለሚበዙበት፣ ቀላ ባለ ቆዳ ላይ ቀይ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ይታያል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ጠቆር ብሎ ሊወጣ ይችላል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ደም ስሮቹ ይቀንሳሉ፣ ላይኛው ሽፋን ይሳሳል፣ ቀለሙም ይነጣል። የፈረንሳይ ሐኪሞች ትሩዋዚዬና ሜኔትሪዬ ይህን በአጉሊ መነጽር አይተው የጻፉት በ1889 ነበር። ያኔ ሐኪምን የሚያሳስበው መልክ ሳይሆን ምልክትነቱ ነበር። አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቬይ ኩሺንግ በ1932 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ በሆድ ላይ የሚወጣ ሰፊ ሐምራዊ ሸንተረር ከውፍረትና ከደም ግፊት ጋር ሲመጣ በአንጎል ሥር ያለች ዕጢ መታወኳን ሊጠቁም እንደሚችል አሳየ። ዛሬ በሽታው በስሙ ይጠራል። መንስኤው ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ከልክ በላይ ማግኘቱ ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። መልክ ያቀላል፣ ማዲያት ያጠፋል እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚቀቡት ቅባቶች ብዙዎቹ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለባቸው ናቸው። እነዚህ ስቴሮይድ የሚባሉ የኮርቲሶል ዘመዶች ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ በብብትና በጭን መካከልም እርግዝናም ውፍረትም ያላመጣውን ሸንተረር ያወጣሉ። ቅባቱን ሳያቆሙ ለሸንተረሩ ሌዘር መክፈል ገንዘብ መጣል ነው።

ሸንተረርን ያጠፋል ወደሚባለው ጨረር፣ ወደ ሌዘር፣ እንምጣ። የአንስታይን የ1917 ቀመር ብርሃን ብርሃንን እንደሚወልድ ተንብዮ ነበር። ቲዎዶር ሜይማን የተባለ መሐንዲስ በግንቦት 1960 ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ ውስጥ በአንዲት የሩቢ ዘንግ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። አንድ የታወቀ የፊዚክስ መጽሔት ጽሑፉን አልቀበልም ብሎት፣ ኔቸር የተባለው መጽሔት በነሐሴ አጠር አድርጎ አወጣለት። ጋዜጦቹ ስለ ገዳይ ጨረር ጻፉ። ቆዳን ያሰበበት ከሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ሊዮን ጎልድማን የሚባል የቆዳ ሐኪም ነበር። በ1963 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ሥራ የሩቢው ቀይ ብርሃን ሁሉንም እኩል እንደማያቃጥል አመለከተ፤ ጥቁር ፀጉርና ቀለም ያለበትን ክፍል ለይቶ ይጎዳል። ይህን እውነታ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሌዘር ሸንተረርን አያውቅም። የሚያውቀው ቀለምንና ውሃን ነው።

በ1970ዎቹ እስራኤላዊው ቀዶ ሐኪም አይዛክ ካፕላን በስሙ ቁራጭ ሻርፕላን በተባለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ቀዶ ሕክምናን አስፋፋ። የዚህ ጨረር ምግቡ ውሃ ስለሆነ ሥጋን ያተንናል፤ ቢላ ነበር እንጂ ለሸንተረር የሚሆን አልነበረም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1983 ነው። የቦስተኖቹ ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አንድ ስሌት አቀረቡ። ዒላማው ከአካባቢው ይበልጥ የሚጠጣውን የብርሃን ዓይነት ምረጥ፤ ከዚያ ዒላማው ሙቀቱን ወደ ጎረቤቱ ሳያስተላልፍ ብርሃኑን አቋርጥ። ያኔ ደም ስሩ ይቃጠላል፣ ዙሪያው ይተርፋል። ያነሳሳቸው ከውልደት ጀምሮ ፊታቸው ላይ ወይን ጠጅ የሚመስል ምልክት ያለባቸው ሕፃናት ነበሩ፤ የቀድሞው የአርገን ሌዘር ምልክቱን ሲያጠፋ ጠባሳ ይተው ነበር። ለደም ቀለም የተስተካከለው፣ የሞገድ ርዝመቱ መጀመሪያ 577 በኋላም 585 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን የሚያመነጨው የዳይ ሌዘር ከዚህ ስሌት ወጣ።

ሸንተረር በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው በጎን በር ነው። ይኸው ሌዘር ቀይ ጠባሳን እንደሚያለዝብ ሲታይ፣ ቀይ ሸንተረርም ጠባሳ አይደል እንዴ የሚል ጥያቄ መጣ። የቨርጂኒያው ዴቪድ ማክዳንኤልና ባልደረቦቹ በ1996 በ585 ናኖሜትር ሌዘር ሸንተረር ማከማቸውን አሳተሙ። የተሻለውን ውጤት ያገኙት በኃይለኛው ሳይሆን በዝቅተኛው መጠን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀይ ሸንተረር የሌዘር ሐኪም ዋና ደንበኛ ሆነ፤ የሚቃጠል ደም ስር አለውና። ነጩ ግን ለጨረሩ ዒላማ የሚሆን ነገር የለውም። በ2003 የወጣ አንድ ጥናት በ20 ሰዎች ላይ ይህንኑ አረጋገጠ፦ ቀዩ መጠነኛ መሻሻል ሲያሳይ ነጩ ንቅንቅ አላለም። ሰው ወደ ክሊኒክ የሚሄደው ደግሞ በአብዛኛው ከነጣ በኋላ ነው፤ ልጁ ጡት ከተወ፣ ኪስም ትንሽ ከሞላ በኋላ።

እዚህ ላይ የቆዳ ቀለም ጉዳይ ይመጣል። የ585 ናኖሜትር ብርሃን ደም ዘንድ ለመድረስ በላይኛው ሽፋን ማለፍ አለበት፤ እዚያ ደግሞ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ተቀምጧል። ጨረሩ ሜላኒንንም ይወዳል። የነጣ ቆዳ ላይ በቀላሉ ያልፋል፤ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይዋጣል፣ ሙቀቱም ላይኛውን ሽፋን ይጎዳል። ከማያሚ በ1999 የወጣ ጥናት ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ጥቂት ታካሚዎች ላይ ሞክሮ ያስጠነቀቀው ይህን ነበር፤ የ2003ቱም ጥናት እንዲሁ። ሸንተረሩ ሳይጠፋ ጥቁር ጥላ ተጨመረበት ማለት ነው።

ቆዳን በዓይነት የሚከፍለው መለኪያ ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። የሃርቫርዱ ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 ያወጣው፣ ሶርያሲስ የተባለ የቆዳ በሽታ ላለባቸው የሚሰጥ የአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዳያቃጥላቸው ለመለካት ነበር። ክፍሎቹ አራት ብቻ ሲሆኑ አራቱም ለነጮች ነበሩ። ጠይሙና ጥቁሩ በኋላ አምስተኛና ስድስተኛ ሆነው ተጨመሩ። ከደጋማው ጠይም እስከ ምዕራቡ ጥቁር ድረስ ያለው ኢትዮጵያዊ ባብዛኛው ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ባሉት ውስጥ ይወድቃል። በኔ እይታ የሸንተረር ሌዘር ታሪክ ዋናው ጉድለት እዚህ ነው። ማሽኖቹ የተቃኙት፣ የፊትና የኋላ ፎቶዎቹ የተነሱት፣ መጠኖቹ የተሰሉት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ባለው ቆዳ ላይ ሲሆን፣ ሌላው በማስጠንቀቂያ መልክ ከግርጌ ገባ።

ለነጩ ሸንተረር ከ2003 እና 2004 ጀምሮ 308 ናኖሜትር የሚያመነጨው የኤክሳይመር ሌዘር ተሞከረ። ይህ ክሩን ሳይነካ ቀለም ሰሪ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል። ቀለሙ በከፊል ይመለሳል፤ ሕክምናው ሲቆም ግን በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። በየጊዜው መመላለስ የማይሰለቸው ይሞክረው።

በዚያው 2004 ዲተር ማንስታይን፣ አንደርሰንን ጨምሮ ከባልደረቦቹ ጋር፣ አዲስ ብልሃት አመጣ። ሙሉ ቆዳውን ከማቃጠል፣ በዓይን የማይለዩ ብዙ ሺህ ቀጫጭን ቀዳዳ መሰል ነጥቦች ማቃጠልና በመካከላቸው ያለውን ጤነኛ ቆዳ መተው። ዳር ያለው ደኅና ሕዋስ ቁስሉን በቀናት ይሞላዋል፣ ሲሞላም አዲስ ኮላጅን ይሠራል። ይህ ፍራክሽናል የሚባለው ነው። በአብዛኛው ዒላማው ሜላኒን ሳይሆን ውሃ ስለሆነ ለጠቆረ ቆዳ ከዳይ ሌዘር ይሻላል። ይሻላል እንጂ አያሰጋም ማለት አይደለም።

በሕክምና ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ይህን ይመስላል። የሚያደነዝዝ ቅባት ሆድ ላይ ተቀብቶ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በደንብ ይጠረጋል፤ ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ታካሚዋም ዓይናቸውን ይጋርዳሉ። ከአንድ ቱቦ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። የማሽኑ ጫፍ ቆዳው ላይ እያረፈ፣ እየተነሳ፣ ከጎኑ እያረፈ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ምት ከመጥበሻ የተፈናጠረ ዘይት እንደነካ ያቃጥላል። ቀጥሎ ቅላትና እብጠት ይመጣል። በቀናት ውስጥ ቆዳው ሻካራ ሆኖ ደቃቅ ቡናማ ነጠብጣቦች ያወጣል፣ ይረግፋሉም። ይህ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት እያረፉ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዙር ይደገማል። ቁስል ጥቁር ምልክት የሚተውበት ቆዳ ከሆነ፣ በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣው ጥቁረት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ብጉር ካፈረጠ በኋላ ፊቱ ላይ ጥቁር ነጥብ የሚቀርበት ሰው ይህን ቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ውጤቱስ? በ2009 ከኮሪያ በወጣ ጥናት 22 ሴቶች ሁለት ሁለት ዙር የ1550 ናኖሜትር ፍራክሽናል ሌዘር ወስደው፣ ጥሩ ወይም በጣም ጥሩ የተባለ ለውጥ ያሳዩት 6 ናቸው። የቀሩት መጠነኛ ለውጥ ነው ያገኙት። በ2016 ከግብፅ የወጣው ይበልጥ ያስገርማል፤ ቆዳን በደቃቅ መርፌዎች የሚበሳሳውን ሕክምና ከፍራክሽናል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ጋር ሲያነጻጽር፣ በመርፌው ከ10 ሴቶች 9፣ በሌዘሩ ከ10 ሴቶች 5 ተሻሻሉ። ሃያ ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህ ብቻ ፍርድ አይሰጥም። ሆኖም መርፌ ሜላኒንን አያይም፣ ዋጋውም ከሌዘር ይረክሳል። ማስታወቂያ ላይ ሌዘሩ የሚገንነው ግን በማስረጃ ብልጫ ሳይሆን በማሽኑ ውድነት ይመስለኛል፤ ማሽን የገዛ ክሊኒክ ዋጋውን ማስመለስ አለበት።

ፎቶውም ያታልላል። ሸንተረር በጎን ብርሃን ሲነሳ ይጎላል፣ ከፊት በወጣ ብርሃን ይጠፋል። አምፖሉን ያዞረ ሰው ያለ ምንም ሕክምና ግማሹን «አጥፍቶ» ሊያሳይ ይችላል።

ጨረሩ ሸንተረርን ሊያደበዝዝ፣ ሸካራነቱንም ሊያለዝብ ይችላል፤ የተበጣጠሰውን ክር ግን እንደነበረ አይመልስም። ነፍሰ ጡርና የስቴሮይድ ቅባት ላይ ያለ ሰው ይቆይ። ሐምራዊና ሰፊ ሸንተረር ከውፍረት፣ ከደም ግፊት ወይም ከድካም ጋር ድንገት የመጣበት ሰው ከውበት ክሊኒክ በፊት የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የቀረው፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ዱባይም ይሁን ቴል አቪቭ፣ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ይጠይቅ፦ ማሽኑ ምን ዓይነት ነው? የሞገድ ርዝመቱስ ስንት ናኖሜትር ነው? የኔን ዓይነት ቆዳ ያላቸው ሰዎች አክማችሁ ታውቃላችሁ? ፎቶአቸውን በአንድ ዓይነት ብርሃን አሳዩኝ። መጀመሪያ ልብስ በሚሸፍነው ትንሽ ቦታ ሞክሩልኝና ስድስት ሳምንት ልጠብቅ። በዚህ የሚቆጣ ክሊኒክ ካለ ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ።