ያጋደለና ያላጋደለ ትስስር

«ዋልታዊ ኮቫለንታዊ ቦንድ» (polar covalent bond) የሚል ሐረግ በኬሚስትሪ ማጠናከሪያ ጽሑፎች ውስጥ እያየሁ እበሳጫለሁ። አማርኛ የሆነው አንዱ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም ተማሪውን ወደ ሰሜን ዋልታ በረዶ ይወስደዋል።

«ዋልታ» የተከበረ ቃል ነው። የግዕዙ «ወልታ» ጋሻ ነው፤ «ዋልታና ማገር» ስንል ደግሞ ቤት አጽንቶ የያዘውን እናስባለን። ሁሉም ስለ ጽናት ይናገራል። እዚህ የሚፈለገው ግን መዘንበልን የሚናገር ቃል ነው፦ ሁለት አተሞች ጥንድ ኤሌክትሮን ይጋራሉ፣ አንዱ አጥብቆ ይስባል፣ ጥንዱም ወደ እሱ ይጠጋል።

ለዚህ «አጋደለ» አለን። ሰኞ ባቲ ገበያ የገባ ግመል ጭነቱ ሳይወድቅ በአንድ ጎን ከከበደ አጋድሏል ይባላል። ትስስሩም እንዲሁ፦ መጋራቱ አልቀረም፣ እኩልነቱ ግን ጠፍቷል። ጥንዱ ጨርሶ ወደ አንዱ ከሄደ ትስስሩ ሌላ ስም ይፈልጋል፤ ከአፋር ቆላ ወደ ባቲ የሚወጣው ጨው ምሳሌው ነው፤ በእሱ ውስጥ ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ለቅቆለታል።

«አድላዊ» የሚሉም አሉ። ቃሉ የዳኛ ነውር ይሸታል፤ አተም ላይ አይለጠፍም። «ኢ-ዋልታዊ» ደግሞ የዋልታን ችግር በግዕዝ አሉታ ያጠነክረዋል። ለኮቫለንት «የጋርዮሽ» ቢባል ከታሪክ ትምህርት የጥንቱን የጋርዮሽ ሥርዓት ጎትቶ ያመጣል። «የመጋራት ትስስር» ይበቃል። ስለዚህ «ያጋደለ የመጋራት ትስስር» እና «ያላጋደለ የመጋራት ትስስር» እላለሁ። በከሚሴና በባቲ ብዙ ልጆች በኦሮምኛ ተምረው 9ኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ከኬሚስትሪ ጋር ይፋጠጣሉ፤ መምህሩ በአማርኛ ሊያስረዳቸው ሲሻ ገበያ ላይ የሰሙት ግስ ይቀርባቸዋል።

ማጋደሉ ይለካል። ሊነስ ፖሊንግ በ1932 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የመሳብ አቅም መለኪያ መሠረት ዛሬ ለሃይድሮጅን 2.20፣ ለኦክስጅን 3.44 ይሰጣል፤ የውሃ ትስስር ያጋደለው ለዚህ ነው። በናይትሮጅን ጋዝ ሁለቱም አተሞች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ትስስሩ አያጋድልም።

ስያሜውን የሚፈትነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱም ትስስሮቹ ወደ ኦክስጅን ያጋደሉ ናቸው፤ ሞለኪውሉ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ግን ተቃራኒዎቹ ማጋደሎች ይጣፋሉ። «ዋልታዊ ትስስር ያለው ዋልታ አልባ ሞለኪውል» ከማለት «ትስስሮቹ ያጋደሉ፣ እሱ ራሱ ያላጋደለ ሞለኪውል» ማለት ይሻላል። የውሃ ሞለኪውል ግን በ104.5 ዲግሪ ስለታጠፈ ራሱም ያጋደለ ነው።