የሙቀት ፓምፕ ውርጭ

የሙቀት ፓምፕ ውርጭ በብርድና እርጥብ አየር በኤሌክትሪክ መኪና ማሞቂያ የውጭ ራዲያተር ላይ የሚጋገር የበረዶ ሽፋን ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ጓዳውን የሚያሞቅ በቂ ትርፍ ሙቀት ስለማያወጣ፣ አምራቾች ሙቀትን ከውጭ አየር የሚስብ ፓምፕ ይገጥማሉ፤ ኒሳን ሊፍ በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ቴስላ ሞዴል ዋይ በ2020 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ይዘው ቀርበዋል። በፓምፑ ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ ሙቀት ለመሳብ ከአየሩ ይበልጥ መቀዝቀዝ አለበት። የራዲያተሩ ገጽ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ የአየሩ እርጥበት በስስ የአሉሚኒየም ክንፎቹ ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ክፍተታቸውን እየደፈነ የአየሩን መተላለፊያ ይዘጋል፣ ማሞቂያው ይደክማል፣ ባትሪውም ቶሎ ይወርዳል። ውርጩ የሚበረታው በ0 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እጅግ የቀዘቀዘ አየር የሚይዘው እርጥበት ጥቂት ነውና። ለማቅለጥ ትኩስ ጋዝ ወደ ውጭው ራዲያተር ይላካል። በዚህ ጊዜ ከመኪናው ፊት የሚወጣው እንፋሎት የብልሽት ምልክት አይደለም።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ ጉዳዩ የአገር ውስጥ አሽከርካሪንም ይመለከታል፤ ይሁንና ውርጭ የሚያሰጋው እንደ ደብረ ብርሃን ያለውን ደጋ እንጂ ሚዛን ተፈሪንና ቴፒን አይደለም። በእነዚህ ዝናባማ የቡና አገሮች ይበልጥ መታየት ያለበት ኤሲ ሲበራ ጓዳውን የሚያቀዘቅዘው የውስጡ ራዲያተር (ኢቫፖሬተር) ነው፦ ፊልትሮው በአቧራ ሲደፈን ወይም ጋዝ ሲያንስ እርጥበቱ እዚያው በረዶ ይሆናል። የሚታወቀው ነፋሱ እየደከመ ሲሄድ ነው፤ ኤሲውን አጥፍቶ ማራገቢያውን ብቻ ማስኬድ ያቀልጠዋል።