ስመ ዕለታት፤ ትርጓሜውና ታሪኩ

ኦሪት ዘልደት የፍጥረትን ነገር ስትናገር ዕለታቱን በቍጥር እንጂ በስም አትጠራም። ሮማውያን በፀሐይ፥ በጨረቃና በከዋክብት ስም ሰይመዋቸው ነበር፤ ግዕዝ ግን ቍጥሩን ተከተለ። ስለዚህ እሑድ ማለት አንደኛ፥ ሰኑይ ሁለተኛ፥ ሠሉስ ሦስተኛ፥ ረቡዕ አራተኛ፥ ሐሙስ አምስተኛ ማለት ነው።

ሰኑይ በአማርኛ ሰኞ ሆነ። ሠሉስ ግን በመጽሐፍና በቤተ ክርስቲያን ቀረ፤ በቤትና በገበያ የሚነገረው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ማለት ምንድር ነው ቢሉ፥ የሰኞ ማግስት ማለት ነው፤ ማግስትና ሰኞ ተጋጥመው በአነጋገር ፊደሉ ጎድሎና ተለውጦ እንዲህ ተባለ። በዚህም ውስጥ ሌላ የተሰወረ ነገር አለ። በግዕዝ ሳኒታ ማለት ማግስት ማለት ነው፤ ዘሩም ከሰኑይ ጋር አንድ ነው። እንግዲህ ማክሰኞ የሚል ሰው ሳያውቀው የማግስት ማግስት ይላል።

ዓርብ ስድስተኛ ስትሆን ስለ ምን በቍጥር አልተጠራችም ቢሉ፥ ስሟን ያገኘችው ከምትከተላት ሰንበት ነው። ዐርበ ማለት ገባ ማለት ነው፤ ፀሐይ የሚገባበት ምዕራብ መባሉ ከዚህ ነው። ዕብራውያንም ማታውን ዔሬብ ይሉታል፤ ሰንበታቸው በዚች ዕለት ፀሐይ ሲገባ ይጀመራልና። ስለዚህ ዓርብ ማለት የሰንበት መግቢያ ማለት ነው።

ቅዳሜ የግዕዙ ቀዳሚት ናት፤ ፊተኛ ማለት ነው። ሰባተኛይቱ ዕለት ስለ ምን ፊተኛ ተባለች ቢሉ፥ ከዕለታት አይደለም፥ ከሁለቱ ሰንበታት ፊተኛይቱ ናትና። ሁለተኛ ከሌለ ፊተኛ አይባልምና፥ ቅዳሜ ያለ ሰው የእሑድንም ሰንበትነት መሰከረ።

ታሪክ። በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር ብለው አስተማሩ። ከግብጽ የሚመጡት ጳጳሳት ግን የአይሁድ ሥርዐት ነው ብለው ተቃወሙ። አባ ኤዎስጣቴዎስም ከሀገራቸው ወጥተው በ1344 ዓ.ም. በአርመን ዐረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ከክህነት ተለይተው ብዙ ዘመን ኖሩ። በ1396 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ዳዊት ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው፤ ጠቡ ግን በዚህ አልበረደም። ኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. በሸዋ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አደረጉ። ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ወገኖችም ከጳጳሳቱ ክህነት ሊቀበሉ ተስማሙ። መቶ ዓመት ያህል የቆየው መለያየት በዚህ ተፈጸመ።

አባቶች የተሰደዱበት ነገር በአንዲት ቃል ተጽፎ ይኖራል። ገበያተኛው በየሳምንቱ ይጠራታል፥ ሕፃኑም ሲቈጥር ይማራታል፤ ትርጓሜዋን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ቃል ሲለመድ ምሥጢሩ እንዲሰወር ልብ ይሏል።